ሰባተኛዋ እጅ

(አሜሪካ፣ መካከለኛው ምዕራብ፣ አንዲት አነስተኛ የፋብሪካ ከተማ፤ አመሻሽ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ የመድፍ ጥይት ቀፎ በሚያመርተው ፋብሪካ የሚሠራው የወሎው ሰው ይመርና እሱ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ፣ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሰዓዳ፣ ስብሰባው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በይመር መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።)

ይመር፦ በሩን አትክፈቺ አልኩሽ! ገና መቼ ጨረስኩ?

ሰዓዳ፦ ጋሼ፣ ሊጀምሩ ነው። ደግሞ መኪናህን ያቆምከው ከንቲባዋ ቦታ ላይ ነው።

ይመር፦ ትምጣና ታስነሳኝ። እኔ ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ "እሺ" ሳይባል አይቀመጥም ነበር ወጉ፤ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው የተቀመጥኩት።

ሰዓዳ፦ ማን ላከህ?

ይመር፦ ማን ያልላከኝ አለ? ፋብሪካው ውስጥ ያለው ያገራችን ሰው በሙሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም። ዕድሩን ማን ይምራ በሚለው የተኳረፉት ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ጦርነት ያስታርቃል ለካ!

ሰዓዳ፦ ምን በላት አሉህ?

ይመር፦ "እጇን እንዳታነሳ በላት" አሉኝ። ስድስቱ የምክር ቤት አባላት ሦስት ለሦስት ተከፍለዋል፤ ሰባተኛዋ አንቺ ነሽ። አንቺ እጅሽን ካነሳሽ ይቺ ከተማ "አሜሪካ ለዚያ ለወዳጇ አገር መሣሪያ መላኳን ታቁም" ብላ አወጀች። ካላነሳሽ ወረቀቱ ወደቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ሰዓዳ፦ አዋጅ አይደለም ጋሼ። ለኮንግረስ የሚላክ የአቋም መግለጫ ነው።

ይመር፦ አዋጅ ካልሆነ ታዲያ ምን ያጣላናል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሰዉ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ቀረብን እያለ ይጮህብሻል፣ አንቺ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ጦርነት ታስቆሚያለሽ።

ሰዓዳ፦ ላሟማ እዚሁ ነው የዋለችው። ጥይቱ የሚወጣው ከዚህ ከተማ ነው። የምታወጣውም አንተ ነህ።

ይመር፦ እኔ የማወጣው ቀፎውን ነው። ባሩዱን የሚሞሉት ሌላ ቦታ ነው።

ሰዓዳ፦ እሱን ለማን ነው የምትነግረው? ለእኔ ነው ለራስህ?

ይመር፦ አፍሽ ዛሬ ተስሏል።

ሰዓዳ፦ ይቅርታ።

ይመር፦ አይ፣ ተይው። አለቃው ትናንት ሁላችንንም ሰበሰበን። "ከተማዋ ካልፈለገችን አዲሱን ክፍል ሌላ አገር እንከፍተዋለን" አለ። እንደሱ ሲባል መጀመሪያ የሚባረረው መጨረሻ የገባው ነው። መጨረሻ የገባው ማነው? የኛ ሰው። የዘነቡ ባል ኩላሊቱ የሚታጠበው በምንድን ነው? በፋብሪካው ኢንሹራንስ። እሱን እኔ ነኝ እንዴ የምነግርሽ?

ሰዓዳ፦ ዘነቡ ራሷ ደውላልኛለች።

ይመር፦ ተሳደበች?

ሰዓዳ፦ ብትሳደብማ ይሻለኝ ነበር። "አንቺ የሚበጀውን ታውቂያለሽ፣ የተማርሽ ነሽ" ብላ ዘጋችው።

ይመር፦ እሱ ነው ስድቡ።

ሰዓዳ፦ ገብቶኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ግን ጋሼ፣ አንተ ለዚህ አይደለም የመጣኸው።

ይመር፦ ለምን ልመጣ ነው ታዲያ?

ሰዓዳ፦ ሰው ለሽምግልና ተልኮ የኢድ ሱፉን ለብሶ መኪና ማቆሚያ አይመጣም። ጢምህንም ተላጭተሃል። ምንድን ነው?

ይመር፦ ልናገር ተመዝግቤያለሁ።

ሰዓዳ፦ የት?

ይመር፦ እዚያ ውስጥ ነዋ! ነዋሪ የሚናገርበት ሰዓት አለ አይደል?

ሰዓዳ፦ በእኔ ላይ?

ይመር፦ ባንቺ ላይ አይደለም! በወረቀቱ ላይ።

ሰዓዳ፦ ወረቀቱን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

ይመር፦ እሱን አላውቅም ነበር።

ሰዓዳ፦ ታውቃለህ።

ይመር፦ …አውቃለሁ። ለማርታ ቃል ገብቼላት ነው። ብቻዋን መቆም ስለፈራች።

ሰዓዳ፦ ማርታ ማናት?

ይመር፦ ፋብሪካ አጠገቤ የምትሠራው ሴትዮ። የዚያ አገር ሰው ናት፣ ጦርነቱ ያለበት። ቀፎው ከማሽኑ ትኩሱን ሲወጣ በጓንት ታብሰዋለች። እንደው ሕፃን ገላ አጥባ እንደምታደርቅ ነው የሚመስልሽ። በቋንቋዋ ደግሞ የሆነ ነገር ታንሾካሹክለታለች። አንድ ቀን "ምንድን ነው የምትዪው?" አልኳት። "ሂድና ልጄን ጠብቅልኝ ነው የምለው" አለችኝ።

ሰዓዳ፦ ልጇ ወታደር ነው?

ይመር፦ ነበረ።

ሰዓዳ፦ ኢና ሊላሂ… መቼ?

ይመር፦ ባለፈው ወር። እዚህ ዋሽንግተን "እንላክ፣ አንላክ" እያሉ ሲከራከሩ፣ ልጆቹ እዚያ ምሽግ ውስጥ ጥይት እየቆጠቡ ነበር። ጠላት እንደ ዝናብ ያወርድባቸዋል፣ እነሱ አንዷን ለመተኮስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የመጨረሻ ጊዜ ሲደውልላት "እማዬ፣ መድፉ አለ፤ የሚጎርሰው ነው የሌለው" አላት። በቃ፣ ያ ነው።

ሰዓዳ፦ ስሟን ከተናጋሪዎቹ መሀል አይቼዋለሁ። ልጇ መሞቱን ግን ማንም አልነገረኝም።

ይመር፦ በማግስቱ ሥራ ገባች እኮ! "ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው፣ ሂጂ እረፊ" ስላት፣ "የሌሎቹስ ልጆች?" አለችኝ። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች። አሁን እሷን ምን ልበላት? "ያሳደግኳት ልጅ፣ የምኮራባት ልጅ፣ ቀፎሽ እንዳይሄድ እጇን አነሳች" ልበላት?

ሰዓዳ፦ እኔስ ያቺን ምን ልበላት?

ይመር፦ የቷን?

ሰዓዳ፦ የወዲያኛዋን። ከድንበሩ ማዶ ያለችውን። ወዳጃችን ያልከው ጦር ድንበር አሻግሮ ለዳቦ የተሰለፈ ሰው ላይ መድፍ ሲጥል ሁለት ልጆቿን ያጣችው። ፎቶውን አሳይቼሃለሁ፤ ስልኩን መለስክልኝ።

ይመር፦ መነጽሬን አላደረግኩም ነበር።

ሰዓዳ፦ አድርገህ ነበር ጋሼ። ፎቶው ላይ ያለው የጥይት ስብርባሪ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት።

ይመር፦ ከኛ ፋብሪካ መሆኑን በምን አወቅሽ?

ሰዓዳ፦ አላወቅኩም። አለማወቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ይመር፦ ስሚ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አጥሩን መጀመሪያ የነቀነቀው ማነው? ተኝተው ባደሩበት የመጣባቸው ማነው?

ሰዓዳ፦ ጠላታቸው ነው። አልክድም። ወረቀቱ ላይም ጽፌዋለሁ። ግን አጥር የነቀነቀው ሌላ፣ ዳቦ የተሰለፈው ሌላ።

ይመር፦ ሌባ የገባበትን ሰው በትሩን ትቀሚዋለሽ?

ሰዓዳ፦ በትሩ የጎረቤትን ልጅ ሲመታስ ዝም ብዬ ሌላ በትር አቀብለዋለሁ?

ይመር፦ ከነዚያ በሩ ላይ መፈክር ይዘው ከሚጮሁት ልጆች ነው ይሄን የተማርሽው።

ሰዓዳ፦ የሚጮሁት በሁለቱም በኩል ነው። በኔ በኩል ያሉት የማርታን ልጅ ስም አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም፤ እሱ ያሳዝነኛል። ባንተ በኩል ያለው ያ ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ ደግሞ ስመጣ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "ወደመጣሽበት ሂጂና እዚያ ምረጪ" አለኝ።

ይመር፦ የቱ? ያ ረጅሙ?

ሰዓዳ፦ አዎ።

ይመር፦ ከሱ ቀጥሎ ነው እኮ የምናገረው! ያ አላህ! ከእንደዚያ ዓይነቱ ጋር ተሰልፌ አንድ ወገን ልባል ነው?

ሰዓዳ፦ እንግዲህ አትናገራ።

ይመር፦ እናገራለሁ። እሱ ሌላ ምክንያት አለው፣ እኔ ሌላ። እኔ እንድሪስ አለብኝ።

ሰዓዳ፦ ጋሼ፣ ስለ እንድሪስ አሁን…

ይመር፦ አሁን ነው እንጂ መቼ ነው? ወንድሜን በፎቶ ነው የምታውቂው። እኔ ግን ጫማውን እያሰርኩለት ነው ያደግኩት። ታንከኛ ነበረ። ታንኩ የአሜሪካ፣ ያሠለጠኑትም እነሱ። "ወዳጅ ነን" ይሉ ነበር፤ እንድሪስም ያምናቸው ነበር፤ ለበዓል ሲመጣ "የነሱ ብረት አይሰበርም" ይለናል። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰው በየመንገዱ መግደል ያዘ፣ አሜሪካኖቹ ተቆጡ። እውነታቸውን ነው! ደርግ ያስቆጣል። መሣሪያውን አቆሙት። ግን መለዋወጫው የቀረው በማን ላይ ነው? በደርግ? በእንድሪስ ላይ ነው እንጂ! ልክ በዚያን ጊዜ የሶማሊያ ጦር መጣ። ጅጅጋ ላይ ታንኩ ቆመ።

ሰዓዳ፦ ጓደኛው ነው መጥቶ የነገራችሁ፣ አይደል?

ይመር፦ አንድ እግሩን እዚያው ጥሎ መጥቶ፣ ለእናታችን። "ውጣ እንሽሽ ብለው፣ ካልሄደም ምሽግ ይሆነኛል አለኝ" ብሎ ነገራት። ምሽግም ሆነው፣ መቃብርም ሆነው። ያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰው ተከራክሮ፣ እጁን አንስቶ፣ ምሳውን ሊበላ ሄደ። እንድሪስ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ቀረ።

ሰዓዳ፦ ክፉ ሰው ነበር ትላለህ? እጁን ያነሳው?

ይመር፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ክፉ አይመስለኝም። እንዳንቺ ያለ ሰው ይሆናል። ለሰው የሚያዝን። አታልቅሺ እንግዲህ። ኩልሽ ይበላሻል፣ እዚያ በቴሌቪዥን ነው የሚያሳዩሽ።

ሰዓዳ፦ አላለቀስኩም። እናቴስ ጋሼ?

ይመር፦ እናትሽን አታምጪያት።

ሰዓዳ፦ እንድሪስን ስታመጣ እኔ ሰምቻለሁ።

ይመር፦ ዘሃራ ሌላ ናት።

ሰዓዳ፦ ሌላ አይደለችም። እሷንም ጦርነት ነው የበላት። ንገረኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምትነግረኝ ንገረኝ።

ይመር፦ ምኑን ልንገርሽ? በርበሬ ልትሸጥ ገበያ ወጣች። አንቺን ለእናቴ ትታሽ፤ ትኩሳት ነገር ነበረብሽ። አውሮፕላኑ መጣ። አንዴ ዞረ፤ ሰዉ የእርዳታ እህል ይዞ የመጣ መስሎት አንጋጦ አየው። ከዚያ… አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሰዓዳ፦ አውሮፕላኑ የማን ነበር?

ይመር፦ የመንግሥት ነዋ። የራሳችን መንግሥት።

ሰዓዳ፦ ቦምቡስ?

ይመር፦ የሩሲያ። አሜሪካኖቹ ሲሄዱ ሩሲያኖቹ ገቡ። ከዚያ ወዲያማ መለዋወጫ በሽ ሆነ! የሶማሊያን ጦር መለሱበት፣ ይመስገን፣ አገር ተረፈ። መሣሪያውም ተረፈ። በተረፈው ነው ገበያውን የመቱት። ወንድሜ መሣሪያ አጥሮት ሞተ፣ እህቴ መሣሪያ ተርፎ ገደላት። አሁን አንቺ እኔን ቁጭ አድርገሽ "የቱ ነው ትክክል?" ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

ሰዓዳ፦ አልጠየቅኩህም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ? እንዳትቆጣ።

ይመር፦ ካሁን በኋላ ምን ያስቆጣኛል?

ሰዓዳ፦ ልጅ ሆኜ ያንን ቦምብ የሠራውን ሰውዬ አስበው ነበር። አብራሪውን አይደለም፣ አዛዡንም አይደለም። የሠራውን። እዚያ ሩሲያ አንድ ብርዳም ከተማ ውስጥ በጠዋት ተነስቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ፋብሪካ የሚገባውን። ልጠላው እሞክር ነበር። ለመጥላት ደግሞ ፊት ያስፈልገዋል። ፊት ስፈልግለት…

ይመር፦ እ?

ሰዓዳ፦ ያንተን ፊት ይዞብኝ ይመጣል።

ይመር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሰዓዳ፦ ፋብሪካ ከገባህ ጀምሮ።

ይመር፦ ያን ሁሉ ዓመት? ቁርስ እየሰጠሁሽ፣ ትምህርት ቤት እያደረስኩሽ?

ሰዓዳ፦ ስለምታደርሰኝ ነው ልጠላው ያልቻልኩት።

ይመር፦ ያስተማርኩሽ በዚያ ሥራ ነው ሰዓዳ።

ሰዓዳ፦ አውቃለሁ። ዝም ያልኩትም ለዚያ ነው። ዛሬም ባትመዘገብ ኖሮ አልነግርህም ነበር።

ይመር፦ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ። አየር የለም እዚህ።

ሰዓዳ፦ አመመህ? ደረትህን ነው?

ይመር፦ ደረቴ አይደለም። ዝቅ አድርጊው በቃ።

ሰዓዳ፦ ይኸው። ጋሼ፣ እየኝ። እሺ ብያለሁ።

ይመር፦ ምኑን ነው እሺ ያልሽው?

ሰዓዳ፦ የተላክበትን። ድምፀ ተዓቅቦ አደርጋለሁ።

ይመር፦ ምንድን ነው እሱ ደግሞ?

ሰዓዳ፦ አልደግፍም፣ አልቃወምም ማለት ነው። እጄን አላነሳም። ሦስት ለሦስት ሆኖ ይወድቃል። ሂድና ለላኩህ "እሺ አለች" በላቸው። ለዘነቡም ንገራት።

ይመር፦ ለምን?

ሰዓዳ፦ ለማርታ ስል።

ይመር፦ እኔን አትዋሺኝ። ማርታን አይተሻት አታውቂም።

ሰዓዳ፦ ላንተ ነው፣ እሺ? ስሜን አስጠርቼ እዚያ ከፍ ብዬ ተቀምጬ፣ አንተ ሱፍህን ለብሰህ ከታች ቆመህ ለምነኸኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት እምቢ አልልህም። እስከ ሱዳን ድረስ አዝለኸኝ የሄድክ ሰው ነህ። እኔ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ እንደዚያ ያለ ድፍረት?

ይመር፦ እንዲህ ነው እንዴ?

ሰዓዳ፦ እንዲህ ነው። ይኸው አሸነፍክ። ደስ አላለህም?

ይመር፦ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰዓዳ፦ ታዲያ ምን ሆነህ ነው?

ይመር፦ ዘሃራ በተቀበረች ማግስት ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። እኔ ደሴ ነበርኩ፣ ጎረቤት ነው በኋላ የነገረኝ። ካድሬው ሰዉን ሜዳ ላይ ሰበሰበና "ገበያው ላይ የተመቱት ወንበዴዎች ናቸው፣ ሰፊው ሕዝብ እርምጃውን ይደግፋል" የሚል ወረቀት አነበበ። "የምትደግፉ እጅ አንሱ" አለ።

ሰዓዳ፦ የቀበሩትን ሰዎች?

ይመር፦ የቀበሩትን። ሰዉም አነሳ። ልጁን የቀበረው አነሳ፣ ሚስቱን የቀበረው አነሳ። ማን ይፈርድባቸዋል? ዙሪያውን ጠመንጃ ነው። አያትሽ ብቻ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ቁጭ አለች። ካድሬው አያት። "እማማ፣ እጅዎን ምን ነካው?" አላት።

ሰዓዳ፦ ምን አለችው?

ይመር፦ "ይሄ እጅ ትናንት የልጄን ሬሳ ያጠበ ነው፤ አልነሳ አለኝ" አለችው።

ሰዓዳ፦ አላህ ይማራት። ምን አደረጓት?

ይመር፦ ምንም። ካድሬው አቀረቀረና "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ጻፈ።

ሰዓዳ፦ እንግዲያው እኔም እንደሷ ነው የማደርገው። እጄን አላነሳም።

ይመር፦ አይደለም! ያንን አላልኩም! ለእሷ የከበደው አለማንሳቱ ነበር። አንቺን አሁን የሚከብድሽ የትኛው ነው?

ሰዓዳ፦ …ማንሳቱ።

ይመር፦ እህ።

ሰዓዳ፦ አንሺ ነው እንዴ የምትለኝ? ጋሼ፣ አሁን ግራ አጋባኸኝ።

ይመር፦ አንሺ አልወጣኝም። እዚያ ገብቼ "ይሄን ወረቀት አታጽድቁ" ነው የምለው፣ ከልቤ ነው የምለው። እዚያ ምሽግ ውስጥ ያሉት ለኔ ሁላቸውም እንድሪስ ናቸው። ግን እኔን መስማት ሌላ ነው፣ እኔን ማፈር ሌላ ነው። ሰምተሽኝ ብትመለሺ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ግን አልተመለሽም። አፍረሽኝ ነው።

ሰዓዳ፦ የዘነቡ ባልስ? ቢዘጉትስ?

ይመር፦ ይሄን ወረቀት ስትጽፊ የዘነቡን ባል አላሰብሽውም?

ሰዓዳ፦ ካሰብኩት ሁሉ እሱ ነው የሚብሰኝ። አስቤ ነው የጻፍኩት።

ይመር፦ እንግዲህ ነገ ቤቷ ሄደሽ እሱንም ትነግሪያታለሽ። ታባርርሽ ይሆናል። አብሬሽ እሄዳለሁ።

ሰዓዳ፦ ያቻት… ያቺ ግራጫ ካፖርት የለበሰችው ናት ማርታ?

ይመር፦ እሷ ናት። የልጇን ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፋ ይዛለች። አየሻት፣ በሩ ጋ ቆማ ግራና ቀኝ ትላለች፤ እኔን ነው የምትፈልገው።

ሰዓዳ፦ ውረድ በቃ፣ ብቻዋን አትቁም። ስለ ልጇ ማዘኔን ንገርልኝ።

ይመር፦ እሱን ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እጅሽን ካነሳሽ በኋላ፣ ዓይኗን እያየሽ።

ሰዓዳ፦ ትተፋብኛለች ጋሼ።

ይመር፦ ትተፋብሽ ይሆናል። አጠገብሽ እቆማለሁ፤ ግማሹ እኔ ላይ ያርፋል።

ሰዓዳ፦ አንተስ? አንተ ተናግረህ፣ ለምነኸኝ፣ እኔ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካነሳሁት አትቀየመኝም?

ይመር፦ ብትረቺኝ አልቀየምሽም፤ ለእኔ ብለሽ ከተውሽው ነው የምቀየምሽ።